«ለጌም ሞኒተር እንጂ ቴሌቪዥን አይሆንም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ለጌም ሞኒተር እንጂ ቴሌቪዥን አይሆንም» የሚለው ጽሑፍ ትልቅ ቴሌቪዥንን ለጨዋታ ማሳያነት መጠቀም ስሕተት መሆኑን ስድስት ምክንያቶች ዘርዝሮ ይሞግታል። ምክንያቶቹ በጽሑፉ ቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ቴሌቪዥን የተጫዋቹን ትእዛዝ ዘግይቶ ያሳያል፤ ከ60 ሄርዝ በላይ (ምስሉን በሰከንድ ከ60 ጊዜ በላይ ወደ ማደስ) አይሄድም፤ ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ምስሉ ይሳሳል፤ ጽሑፍ በጥራት አይነበብበትም፤ እያንዳንዱ ነጥቡ የራሱን ብርሃን የሚሰጠው የኦሌድ ስክሪን በጨዋታ ይቃጠላል፤ በመጨረሻም ዓይን ይጎዳል። ጸሐፊው ጉዳዩን በቀላሉ እንዳላዩት ያቀረቧቸው ቁጥሮች ይመሰክራሉ፤ አንዳንዶቹም ትክክል ናቸው። ነገር ግን ፍርድ የሰጡበት ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ወጥቶ ቅንብሩ ሳይነካ፣ ባገኘው ኬብል ተገናኝቶ፣ ለሞኒተር በተሠራ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ነው። በመሣሪያው ላይ ከቆጠሯቸው ጥፋቶች አብዛኞቹ የቅንብር፣ የግንኙነትና የመቀመጫ ርቀት ጥፋቶች ናቸው፤ በእርግጥ የመሣሪያው የሆኑት ጉድለቶች ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ አልተነሡም።

ከመዘግየቱ እንጀምር፤ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ እሱ ነውና። ጸሐፊው ቴሌቪዥን የጆይስቲክን ትእዛዝ «ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ» ዘግይቶ እንደሚያሳይ ይገልጻሉ። ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች በፊልም ወይም በመደበኛ የምስል ሞድ ላይ ሲሆኑ ይህን ያህል ይዘገያሉ። ቴሌቪዥኑ የተቀበለውን ምስል ወዲያው አያሳይምና፤ አስቀድሞ ምስሉን ከብናኝ ያጸዳል፣ ጠርዞችን ያጎላል፣ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት ያስተካክላል፣ ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ምስል ወደ 4ኬ (3840 በ2160 ነጥብ ወይም ፒክሰል) ያሳድጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቅስቃሴው ለስላሳ እንዲመስል በሁለት ፍሬሞች (ተከታታይ ምስሎች) መካከል ከራሱ የፈጠረውን ፍሬም ያስገባል። ይህ የመጨረሻው ሥራ በባሕርዩ መዘግየትን ይጠይቃል፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ፍሬም መካከል የሚገባውን ለመፍጠር ሁለተኛው ፍሬም አስቀድሞ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ የደረሰው ፍሬም ወዲያው ከመታየት ይልቅ ተራውን ይጠብቃል። ፊልም ለሚመለከት ሰው ድምፁም አብሮ እንዲዘገይ ስለሚደረግ ይህ ሁሉ አይታወቀውም። ቁልፍ ተጭኖ ውጤቱን ለሚጠብቅ ተጫዋች ግን አንድ አሥረኛ ሰከንድ በግልጽ የሚሰማ ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም።

የምከራከረው ይህን መለኪያ የቴሌቪዥን ቋሚ ባሕርይ አድርገው በማቅረባቸው ነው። ጌም ሞድ የሚባለው ቅንብር የተሠራው የተጠቀሰውን ሁሉ ለማስቀረት ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ጥሩ ቴሌቪዥኖች በዚህ ሞድ ላይ ሲሆኑ መዘግየታቸው በ60 ሄርዝ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ በ120 ሄርዝ ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይለካል። የዚህን 10 ሚሊሰከንድ ውስጥ መመርመርም ተገቢ ነው። ስክሪን አንድን ፍሬም ባንድ ጊዜ አይስልም፤ ከላይኛው መስመር ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ በ60 ሄርዝ ይህ ጉዞ 16.7 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ መካከለኛው መስመር ላይ የሚደርሰው ከ8.3 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። መለኪያው በተለምዶ ከስክሪኑ መሀል የሚወሰድ በመሆኑ፣ ከ10ሩ ሚሊሰከንድ 8.3ቱ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚቆጠር ሳይሆን በ60 ሄርዝ የሚሠራ ማንኛውም ስክሪን፣ ሞኒተርም ጭምር፣ የማያመልጠው ነው። ቴሌቪዥኑ ከራሱ የጨመረው 2 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ በሰከንድ 30 ፍሬም የሚያወጣ ጨዋታ አንዱን ፍሬም ብቻ ለ33.3 ሚሊሰከንድ ያቆየዋል፤ ቁልፍ ከተጫኑበት ቅጽበት ጀምሮ ውጤቱ ተሰልቶ እስኪወጣ ደግሞ ከአንድ በላይ ፍሬም ማለፉ የተለመደ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር 2 ሚሊሰከንድን የክርክር ምሰሶ ማድረግ አይቻልም።

እዚሁ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። በሞኒተር ካርቶን ላይ የሚጻፈውን «1 ሚሊሰከንድ» ከቴሌቪዥኑ 100 ሚሊሰከንድ ጎን አስቀምጠው ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው ይላሉ። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን አንድ ፒክሰል ከአንድ የግራጫ ደረጃ ወደ ሌላው ለመቀየር የሚወስድበት ጊዜ እንጂ ትእዛዝ እስኪታይ የሚያልፈው ጊዜ አይደለም፤ አንደኛው የምስሉን ጥራት በእንቅስቃሴ ላይ የሚወስን ሲሆን ሌላው የምላሹን ፍጥነት ይወስናል። ብዙ የኤልሲዲ (ከኋላቸው በሚበራ ብርሃን የሚሠሩ) ሞኒተሮችም ያን 1 ሚሊሰከንድ የሚደርሱበት ፒክሰሉን ከልክ በላይ በሚገፋው ቅንብር ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ በዚያ ቅንብር ደግሞ ከሚንቀሳቀሱ ነገሮች በስተኋላ የማያምር የቀለም ጥላ ይከተላል። በፒክሰል የመቀየር ፍጥነት ከሆነ ውድድሩ፣ ሳይገደድ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች የሚቀየረው ኦሌድ ነው፤ ይህን ስክሪን ደግሞ ጸሐፊው በአምስተኛው ነጥባቸው ሊያስወግዱት ይፈልጋሉ።

እርግጥ ነው፣ ጌም ሞድን ማብራት የተጫዋቹ ኃላፊነት ሆኖ ቆይቷል። ኤኤልኤልኤም የሚባለው አሠራር ያለው ቴሌቪዥን ኮንሶሉ (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለው የጨዋታ መሣሪያ) ጨዋታ ሲጀምር ራሱ ወደ ጌም ሞድ ይሻገራል፤ ይህ የሌለው ቴሌቪዥን ግን በእጅ መስተካከል አለበት፤ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይም ቅንብሩ ለእያንዳንዱ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ለየብቻው የሚያዝ በመሆኑ፣ በአንደኛው ቀዳዳ ላይ የበራው ጌም ሞድ ገመዱ ወደ ሁለተኛው ሲዛወር አብሮት አይሄድም። «ጌም ሞድ አብርቼም ይዘገያል» የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይመልከት።

ሁለተኛው ነጥብ ታሪክ ያለው ነው። ጸሐፊው ቴሌቪዥን ከ60 ሄርዝ እንደማያልፍና በካርቶኑ ላይ የሚታተሙት ከዚያ የበለጡ ቁጥሮች የማሻሻጫ ቃላት መሆናቸውን ይናገራሉ። በማሻሻጫው ላይ ያሉት ትክክል ነው፤ አምራቾች «የእንቅስቃሴ መጠን» በሚል ዓይነት ስም 60 ሄርዝ በሆነ ስክሪን ላይ 120 ወይም 240 የሚል ቁጥር ሲለጥፉ ኖረዋል። ከዚህም ሌላ ብዙም የማይነገርለት ጉዳይ ነበር፦ ስክሪናቸው በእውነት 120 ሄርዝ የሆኑ ቴሌቪዥኖች እንኳ በ4ኬ ጥራት ከውጭ የሚቀበሉት 60 ፍሬም ብቻ ነበር፤ ቀሪውን ራሳቸው እየፈጠሩ ይሞሉት ነበር። ይህ የስክሪኑ ሳይሆን የገመዱ ጥበት ነው። በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 60 ፍሬም ለመላክ፣ ተጨማሪውን ጭነት ሳንቆጥር፣ 12 ጊጋቢት በሰከንድ ያህል ያስፈልጋል፤ 120 ፍሬም ለመላክ ደግሞ 24 ያህል፤ ኤችዲኤምአይ 2.0 የሚያስተላልፈው ግን ቢበዛ 18 ነው። ወደ 48 ጊጋቢት ያሳደገው ኤችዲኤምአይ 2.1 ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡት እንደ ኤልጂ ሲ9 ያሉ የኦሌድ ቴሌቪዥኖች ይህን ከያዙት የመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፕሌይስቴሽን 5፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እና አዲሶቹ የኤንቪዲያና የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርዶች ሲወጡ በ4ኬ 120 ፍሬም የሚልክም የሚቀበልም መሣሪያ በገበያ ላይ ተገናኘ። ከዚያ ወዲህ 144፣ እንዲያውም 165 ሄርዝ የደረሱ ቴሌቪዥኖች ወጥተዋል። እንግዲህ የጸሐፊው አባባል እ.ኤ.አ. በ2018 ቢጻፍ ኖሮ እምብዛም ስሕተት አይገኝበትም ነበር።

የ120 ሄርዝ ጥቅም 120 ፍሬም በሚያወጡ ጨዋታዎች ላይ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማሰብም ተገቢ አይደለም፤ እነዚህ በኮንሶል ላይ ጥቂት ናቸውና። ብዙ የኮንሶል ጨዋታዎች በ30 እና በ60 ፍሬም መካከል ምርጫ የሚሰጡ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ሦስተኛ ምርጫ አድርገው 40 ፍሬምን አቅርበዋል። 40 ፍሬም በ60 ሄርዝ ስክሪን ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ አንዱ ፍሬም አንድ ዙር (የስክሪኑ አንድ እድሳት)፣ ቀጣዩ ሁለት ዙር እየቆየ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። በ120 ሄርዝ ግን እያንዳንዱ ፍሬም በትክክል ሦስት ዙር ይቆያል። ቁጥሩ ከ30 ብዙም የራቀ ባይመስልም በጊዜ ሲለካ ፍሬሙ የሚቆይበት 25 ሚሊሰከንድ በ33.3 እና በ16.7 መካከል እኩሌታው ላይ ይውላል፤ ማለትም ከ30 ወደ 60 የሚደረገው መሻሻል ግማሹ በ10 ተጨማሪ ፍሬም ብቻ ይገኛል። በዚህ ላይ የስክሪኑን ዙር ከጨዋታው ፍሬም ጋር እያስማማ የሚለዋውጠው ቪአርአር አለ፤ ፕሌይስቴሽን 5 ይህን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ሲሆን ከ48 እስከ 120 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይሠራል። ጨዋታው ከ60 ወደ 52 ቢወርድ ምስሉ መሀሉ ላይ የተቀደደ ሳይመስልና ሳይንገጫገጭ ይቀጥላል።

ለጸሐፊው ሳላቅማማ የምለቅላቸው አንድ መስክ አለ፦ የውድድር የተኩስ ጨዋታ። 240፣ 360፣ 480 ሄርዝ የሚደርሱት ሞኒተሮች ናቸው፤ ተወዳዳሪዎች ከ24 እስከ 27 ኢንች ባለው ስክሪን ፊት ተጠግተው የሚቀመጡትም ማዕዘኖቹን ሁሉ ያለ አንገት መዞር ለማየት ነው። ጽሑፉ በዚህ መስክ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ይህ ምላሽ አይጻፍም ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ጸሐፊው በጣም የተማመኑበትና በእኔ አስተያየት በጣም የሳቱበት ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያርፉትን ፒክሰሎች ቆጥረው፣ 27 ኢንች የሆነ የ1440 (2560 በ1440 ፒክሰል) ሞኒተር 109 ያህል ሲኖረው 55 ኢንች የሆነ የ4ኬ ቴሌቪዥን 80 ብቻ እንዳለው ያሳያሉ፤ ከዚህም ተነሥተው የቴሌቪዥኑ ምስል የግድ የሳሳ ነው ይላሉ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን ሁለቱን ስክሪኖች ከአንድ ቦታ ሆነን የምናይ ያስመስላል። ዓይን ኢንች አይቆጥርም፤ ዓይን የሚያውቀው አንግልን ነው። ጤናማ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ነጥቦችን ለይቶ ማየት ይችላል ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ ሊነጻጸር የሚገባው በአንድ ዲግሪ ውስጥ ስንት ፒክሰል ይገባል የሚለው ነው።

27 ኢንቹን ሞኒተር በተለመደው የ60 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ብናስቀምጠው የ53 ዲግሪ ያህል ስፋት ይይዝና በአንድ ዲግሪ በአማካይ 48 ፒክሰል ይደርሰዋል። 55 ኢንቹን ቴሌቪዥን በ1.5 ሜትር ርቀት ብናየው የ44 ዲግሪ ስፋት ይዞ በአንድ ዲግሪ 87 ፒክሰል ያሳያል። 65 ኢንች የሆነው በ2.5 ሜትር ሲታይ ደግሞ 120 ያህል ይሆናል። ማለትም በተለመደው የመቀመጫ ቦታ ላይ ፒክሰሉን ለይቶ የማየት ዕድል የሚኖረው የሞኒተሩ ተመልካች ነው። ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑት 55 ኢንቹን ቴሌቪዥን ጠረጴዛው ላይ አውጥተን በ60 ሳንቲሜትር ከተቀመጥንበት ነው፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ከ90 ዲግሪ በላይ ይሰፋል፣ በዲግሪ የሚደርሰው ፒክሰል ወደ 42 ይወርዳል፣ የጥይቱንና የካርታውን ምልክት ለማየትም አንገት ከቀኝ ወደ ግራ መመላለስ ይኖርበታል። በጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥን ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው 42 ኢንቹን በ80 ሳንቲሜትር፣ 48 ኢንቹን በ1 ሜትር ርቀት ቢያስቀምጥ በዲግሪ 64 እና 69 ፒክሰል ያገኛል፤ ለዚህ ግን ጠለቅ ያለ ጠረጴዛ ወይም በግድግዳ ላይ የሚታሠር መያዣ ያስፈልገዋል።

ከዚሁ ስሌት ጸሐፊው ሊጠቀሙበት ይችሉት የነበረ፣ ነገር ግን ያላነሡት ተቃራኒ ክርክር ይወጣል። 65 ኢንቹ ቴሌቪዥን በ2.5 ሜትር ርቀት የሚይዘው 32 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ 27 ኢንቹ ሞኒተር በ60 ሳንቲሜትር የሚይዘው 53 ዲግሪ ነው። ትልቅ የተባለው ስክሪን ለዓይን የሚያንሰው እሱ ነው ማለት ነው። «ቴሌቪዥን ገዝቼ የጨዋታው ጽሑፍ አነሰብኝ» የሚል ቅሬታ የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ ፊደሉ ጥርት ብሎ ሳለ ያነሰው በርቀቱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ማቅረብ፣ የሚቻል ካልሆነም በጨዋታው ቅንብር ውስጥ የጽሑፉን መጠን ማሳደግ ይጠቅማል። ትልቅ ስክሪን ከገዙ በኋላ ከቀድሞው ርቀው መቀመጥ የገዙትን ስፋት መልሶ መስጠት ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ማለትም ጽሑፍ በጥራት አይነበብም የሚለው፣ ለኮንሶል ተጫዋች ብዙም የማያሳስብ ቢሆንም ቴሌቪዥኑን ከኮምፒውተር ጋር ለሚያገናኝ ሰው እውነት አለው። ቪዲዮ በተለምዶ የሚተላለፈው 4:2:0 በሚባለው አሠራር ነው፤ በዚህ አሠራር የብርሃኑ መረጃ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ሲላክ የቀለሙ መረጃ የሚላከው ለአራት ፒክሰሎች አንድ ሆኖ ነው። ፊልም ላይ ይህ አይታወቅም፤ በጥቁር መደብ ላይ በቀጭኑ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ላይ ግን ጠርዙ ይቀባባል። መፍትሔው ኮምፒውተሩ ሙሉውን 4:4:4 እንዲልክ ማዘዝና በቴሌቪዥኑ የግብዓት ዝርዝር ላይ ያንን ቀዳዳ «ፒሲ» ብሎ መሰየም ነው፤ በበርካታ ቴሌቪዥኖች ይህ ስያሜ ጌጥ ሳይሆን የቀለሙን መረጃ ሳይቀንስ የሚያሳየውን አሠራር የሚያስነሣ ቁልፍ ነው። ከዚያ ጋር የጠርዝ ማጉያውን ወደ ዝቅተኛው ማውረድና የምስሉን ዳርቻ ቆርጦ የሚያስቀረውን የድሮ ቅንብር ማጥፋት ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚቀር ነገር አለ፦ በርካታ የኦሌድ ቴሌቪዥኖች ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሌላ ነጭ ክፍለ ፒክሰል ስላላቸው፣ ሦስቱን ብቻ በተርታ ታሳቢ አድርጎ ፊደል የሚያለሰልሰው የዊንዶውስ አሠራር በእነሱ ላይ በትክክል አይገጥምም። ቀኑን ሙሉ ሰነድ የሚያነብ ሰው ሞኒተሩን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ ሆኖም ያ ሰው እየሠራ እንጂ እየተጫወተ አይደለም፤ የጽሑፉ ርዕስ ደግሞ ጌም ነበር።

አምስተኛው፣ የኦሌድ «መቃጠል»፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ድንገተኛ ቃጠሎ አይደለም። ብርሃን የሚሰጠው ኦርጋኒክ ቁስ በሠራ ቁጥር ያረጃል፤ አንድ ቦታ ላይ ለብዙ ሰዓታት ደምቆ የሚቆም ምልክት ካለ ያ ቦታ ከአካባቢው ቀድሞ ያረጅና ጥላው ይቀራል። የሚቆጠረው በአንድ ቀን የተጫወቱት ሳይሆን ያ ምልክት በዕድሜው ዘመን የቆመበት ጠቅላላ ሰዓትና የነበረው ድምቀት ነው። ዛሬ አንዱን፣ ከርሞ ሌላውን ጨዋታ የሚጫወትና በመሀሉ ፊልም የሚያይ ሰው እርጅናውን በስክሪኑ ሁሉ ላይ ያከፋፍለዋል። መሣሪያዎቹም ምስሉን በጥቂት ፒክሰል ያንቀሳቅሳሉ፣ የቆመ ምልክትን ያደበዝዛሉ፣ ተደምሮ 4 ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ ሲጠፉ ደግሞ የፒክሰሎቹን ልዩነት ለክተው ያካክሳሉ። ይህ የመጨረሻው የሚሠራው ቴሌቪዥኑ በሪሞት ጠፍቶ ኃይል ሲያገኝ በመሆኑ ከጨዋታ በኋላ ሶኬቱን የመንቀል ልማድ ያለው ሰው ጥበቃውን ራሱ እየከለከለ ነው። አንድን ጨዋታ ብቻ በየቀኑ ለረዥም ሰዓት በከፍተኛ ድምቀት የሚጫወት ሰው ግን በእርግጥ የኤልሲዲ ቴሌቪዥን ይሻለዋል።

የጸሐፊው ክርክር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ ኦሌድ ከቴሌቪዥን ዓይነቶች አንዱ እንጂ ቴሌቪዥን ማለት አይደለም፤ ኤልሲዲ የሆኑት በዚህ መንገድ አያረጁም። ሁለተኛ፣ በጽሑፋቸው መጨረሻ ለአንባቢ የመረጡለት ራሱ የኦሌድ ሞኒተር ነው። ያው ቁስ፣ ያው እርጅና፤ እንዲያውም የሥራ ማስጀመሪያው አሞሌ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውልበት ሞኒተር ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። አንዱን በሚያስወቅስ ነገር ሌላውን ማመስገን አይቻልም።

ስድስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። ትልቅ ስክሪን ቀርቦ ማየት ዓይን ያበላሻል የሚለው ሥጋት የቆየ ሲሆን፣ ካጠናከሩት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1967 አንዳንድ የጄኔራል ኤሌክትሪክ የቀለም ቴሌቪዥኖች ከተፈቀደው በላይ ኤክስሬይ ሲያወጡ መገኘታቸው ነው። ጨረሩ የመጣው በከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚሠሩት የዚያ ዘመን የመስታወት ቱቦዎች ነበር፤ ኤልሲዲም ኦሌድም እንዲህ ያለ ቱቦ የላቸውም። የዓይን ድካም እውነት ነው፤ የሚመጣውም አተኩረን ስናይ ዓይናችንን የምናርገበግበው ስለሚቀንስና በጨለማ ክፍል ከልክ ያለፈ ድምቀት ስለምንጠቀም ነው። ርቀትን በተመለከተ ግን በ60 ሳንቲሜትር ላይ ለማተኮር ዓይን 1.7 ዳዮፕተር (የማተኮር ኃይል መለኪያ) ያህል ሲሠራ በ2 ሜትር ላይ የሚሠራው 0.5 ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ለቴሌቪዥኑ ያደላል።

ጽሑፉ ካልመዘናቸው ነገሮች ትልቁ ኤችዲአር፣ ማለትም በደማቁና በጨለማው መካከል ያለውን ልዩነት አስፍቶ ማሳየት፣ ነው። «ኤችዲአር 400» የሚል ምልክት ያላቸው ብዙ ሞኒተሮች ድምቀታቸው 400 ኒት (የድምቀት መለኪያ) አካባቢ ሲሆን የስክሪኑን ክፍሎች ለየብቻ ማደብዘዝም አይጠበቅባቸውም፤ በዚህ ምክንያት በጨለማ ዋሻ ውስጥ አንድ ችቦ ሲበራ ዋሻው በሙሉ ይገረጣል። ጥሩ ቴሌቪዥኖች ከ1,000 ኒት በላይ የሚደርሱ ሲሆን፣ ኤልሲዲ የሆኑት የኋላ ብርሃናቸው በብዙ መቶ ዞኖች ተከፋፍሎ፣ ኦሌድ የሆኑት ደግሞ እያንዳንዱ ፒክሰል ራሱን እያጠፋ ጥቁሩን ጥቁር አድርገው ያቆዩታል። ብቻውን የሚጫወት፣ ታሪኩንና መልክዓ ምድሩን የሚያጣጥም ሰው ቴሌቪዥን የሚመርጥበት ዋና ምክንያት ይህ ሆኖ ሳለ፣ በስድስቱ ነጥቦች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላገኘም።

ቴሌቪዥንን መውቀስ ካስፈለገም የሚወቀስበት አልጠፋም። በበርካታ ቴሌቪዥኖች ላይ ካሉት አራት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች 120 ሄርዝን በ4ኬ የሚቀበሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱም አንዱ ድምፅን ወደ ሳውንድባር የሚያወጣው የኢአርክ ቀዳዳ ነው። ሁለት ኮንሶልና አንድ ሳውንድባር ያለው ሰው ችግሩን የሚያውቀው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የኦሌድ ስክሪን በቪአርአር ሲሠራ የፍሬሙ ፍጥነት በተለዋወጠ ቁጥር ለጥቁር የቀረቡ ጥላዎች ሊርገበገቡ ይችላሉ፤ ይህ የሚሆነው ስክሪኑ የጥቁሩን ደረጃ የሚያስተካክለው ለቋሚ ፍጥነት ስለሆነ ነው፤ በአንዳንድ የኤልሲዲ ቴሌቪዥኖች ላይ ደግሞ ጌም ሞድ ሲበራ የዞኖቹ ማደብዘዝ ይዳከማል። አብዛኞቹ ግራፊክስ ካርዶች ቴሌቪዥኖች የሚነቁበትንና የሚተኙበትን ትእዛዝ ስለማይልኩ ኮምፒውተሩ ሲተኛ ቴሌቪዥኑ «ምልክት የለም» እያለ ይቀራል፤ ሲነቃም በሪሞት መቀስቀስ አለበት። ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ሌላው የኮምፒውተር የምስል ቀዳዳ በቴሌቪዥን ላይ እምብዛም ስለማይገኝ ኤችዲኤምአይ 2.1 የሌለው የቆየ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ቴሌቪዥኑ 120 ሄርዝ ቢሆንም በ4ኬ በተለምዶ ከ60 አያልፍም።

ድምፁም አለ። ጌም ሞድ የሚያፋጥነው ምስሉን እንጂ በሳውንድባር ወይም በብሉቱዝ በኩል የሚሄደውን ድምፅ አይደለም፤ እንዲያውም ምስሉ በፈጠነ መጠን የድምፁ መዘግየት ይበልጥ ይጋለጣል። ተኩሱ ታይቶ ድምፁ ሲከተል ብዙዎች ጥፋቱን በቴሌቪዥኑ ላይ ይጥላሉ፤ የሳውንድባሩን የድምፅ ማቀነባበሪያ ማጥፋት፣ ወይም ባለ ገመድ ማዳመጫ በቀጥታ ጆይስቲኩ ላይ መሰካት ግን በአብዛኛው ችግሩን ይፈታዋል።